ወደ የት?

ዛሬ አንዲት ተማሪዬ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት።

ሶዶ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «ፍሮም»፣ «ትሩ» እና «ቱ»ን፣ ማለትም ከየት፣ በየት በኩል፣ ወደ የት የሚሉትን አስረድቼ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አልኳቸው። እንደተለመደው የግማሹ ክፍል ዓረፍተ ነገር ወደ ተበላ ከተማ ገበያ ሄደ።

ያቺ ተማሪ ግን ተነሥታ ስለ ወንድሟ የጻፈችውን አነበበች። ከቦምቤ ተነሥቶ፣ በሞያሌ በኩል፣ በኬንያ በኩል... ቆመች።

«ጎበዝ፤ በ‹ቱ› ጨርሺው» አልኳት።

«ቲቸር፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የወጣው። የት እንደደረሰ ግን አናውቅም። ከኬንያ ከደወለ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እናቴ እስካሁን ስልኳን አጥፍታ አታውቅም።»

 ጓደኛዋ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

ቤቴ ገብቼም ድምጿ ከጆሮዬ አልወጣም።

እናንተስ፣ ከቤት ወጥቶ የት እንደደረሰ የማታውቁት ሰው አላችሁ? እስኪ ስሙን ከታች ጻፉልኝ።