በጎን የተለጠፈው ጋዜጣ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የዓመት ሥራዬ አጎቴ ጋሽ ወልዴ ላይ ወደቀባቸው... እውነቴን ነው፣ ተኝተው እያሉ ወደቀባቸው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ቤታችን ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ ካሉት የጭቃ ቤቶች አንዱ ነው። የኋለኛዋን ክፍል ከታላቅ እህቴ ከየሺ ጋር ነበር የምንጋራት። የሺ ካረፈች ትናንት ዓመት ሞላት። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያቺን ክፍል ስቀያይር ነው የከረምኩት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገና ደብተሬን ሳላስቀምጥ፣ እጄ አንድ ነገር መንቀል ወይም መለጠፍ ይፈልጋል። መጀመሪያ አልጋዬን ከጥጉ አንስቼ በሩ አጠገብ አደረግሁት። ከዚያ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። ኖራው እየተራገፈ ልብሴን ሲያነጣው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለምኜ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩበት። ዱቄቱን አይጥ ወደደው። አይጡን ላስመርር ብዬ ከብረት ሠራተኛው ጎረቤታችን የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ደረብኩበት። አልጋው በዚህ መሃል አራቱንም ግድግዳ ዞሮ ጨርሷል።

እማዬ አልወደደችውም። እኛ ሰፈር ሐዘን የገባበት ቤት ዓመት ሳይሞላው አይታደስም፤ ለበዓል እንኳን ኖራ አይነካውም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ኖራውን ያዩ ቀን፣ እማዬ እየሰማች፣ ሠርግ አለ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። እማዬ ጥቁር ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች።

እኔ ግን አላቆምኩም። ለምን እንዳላቆምኩ ለማንም አልተናገርኩም ነበር... አሁን ልናገር።

የሺ ከመታመሟ በፊት ክፍሉን ብቻዋን በጋዜጣ ለጥፋው ነበር። ሁለት የክፍል ጓደኞቼን ይዤ ስገባ ግድግዳው አምሮበታል። ከትራሴ አጠገብ ያለው አንድ ገጽ ብቻ በጎኑ ተጋድሟል። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ከእነሱ በላይ ሳቅሁ። የሺ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠችው እኔ እንድማር ብላ ነው፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

«ፊደል ያለየ ሰው ጋዜጣ ባይለጥፍ ጥሩ ነው» አልኳት።

«ለቆመ ሰው መስሎህ ነው?» አለችኝና እጇ ላይ የደረቀውን ሙጫ እየላጠች ወጣች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅሁም። እዚያው ጓደኞቼ ፊት፣ ሙጫውን ዳር ዳሩን ብቻ ነካ ነካ አድርጌ፣ ሌላ ገጽ አቃንቼ በላዩ ለጠፍኩበት። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ያዛት። ይቅርታ እጠይቃታለሁ ስል፣ ነገ ይሻላታል ስል... ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥግ ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል።

ትናንት ሙት ዓመቷ ነበር። እማዬ ለዛሬ እንኳን አልጋው የድሮ ቦታው ይመለስ አለችኝ፤ መለስኩት። ሰው በልቶ ሲበተን ጋሽ ወልዴ ጎኔን ላሳርፍ ብለው ገቡ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን በጸሐፊነት ያሳለፉ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳን ሳያነቡ የማይጥሉ ሰው ናቸው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ከባድ ነገር ዘጭ ሲል ሰማን።

ከእማዬ ጋር ሮጠን ገባን። የሰሞኑ ዝናብ ግድግዳውን አርሶት ኖሯል። ያኔ አቃንቼ የለጠፍኩት ገጽ፣ ኖራው፣ ከረጢቱ፣ አረንጓዴው ቀለም፣ ሁሉም አንድ ላይ ተገንጥሎ ጋሽ ወልዴ እንደ ብርድ ልብስ ለብሰውታል። ከአንገት በላይ ብቻ ነው የሚታዩት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ መነጽራቸውን አድርገው... ያነባሉ።

«ይህን ማነው የለጠፈው?» አሉ፣ ዞር እንኳን ሳይሉ።

ሊቆጡ ነው ብዬ ወደ ኋላ አልኩ።

«ዕድሜ ልኬን ተኝቼ ሳነብ አንገቴን እንዳጣመምኩ ነው። እንዲህ ያሰበልኝ ሰው የለም።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ያ ገጽ ነው... በጎኑ የተጋደመው። ጋሽ ወልዴን አስነስቼ በቦታቸው ተኛሁ። ፊደሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ ዓይኔ ፊት ቆመ።

«አልጋህ ላይ ተኝታ፣ ወረቀቱን እኔን አስይዛ ነው የለካችው» አለች እማዬ በሩ ላይ ቆማ። «ማታ ሲያነብ አንገቱን ያመዋል ብላ። የምታውቅ መስሎኝ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞርኩ ቆየሁ። 

የጋሽ ወልዴ ሐሳብ ግን ያነበቡት ላይ ነበር። ጽሑፉ መንገድ ላይ ስለጠፋች በቅሎ ነው። ባለቤቷ ወንዝ ዳር ኮቴዋን ካየ በኋላ «ወደ ገጽ አራት ይዞራል» ይላል። ገጽ አራት ደግሞ የዚያው ወረቀት ጀርባ ነው፤ ጭቃው ላይ የተጣበቀው። ጋሽ ወልዴ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ቢላጥ ይነበባል እያሉ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«አይነካም ጋሼ» አልኳቸው።

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ክፍል ውስጥ አይነካም ያልኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ጋሽ ወልዴ ትንሽ ተቀይመው ሄዱ። ዛሬ ጠዋት የተረፈውን አረንጓዴ ቀለም ለባለቤቱ መለስኩ። ትምህርት ቤት ግን መምህሩ ያሉት አንድም አልገባኝ፤ እጄን አሁንም ይበላኛል፣ አንዴ ደብተሬን አንዴ ወንበሬን ሳነሳ ስጥል ዋልኩ።

አልጋዬ ከጥጉ አይነሳም... በቅሎዋ ትገኝ አትገኝ ግን ሳላውቅ መኖሬ ነው።