አማካዩን የበላው በግ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ የመረጥኩት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ማታ ማታ ፉርሽካ የሚጨመርላቸው በጎች በግጦሽ ብቻ ከሚኖሩት ይልቅ ይከብዳሉ ወይ? በጎቹን የፈቀዱልኝ ከዳባት ከፍ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ አንድ ቄስ ናቸው። ፉርሽካ እንደ ልብ ስለማይገኝ የሚቀለቡት ጥቂት ነበሩ፤ ብዙዎቹ በግጦሽ ብቻ ቀሩ።

የቀለቡ ወራት ሲያልቁ መዘንናቸው። ሚዛኑን ከዛፍ ላይ ሰቅለን፣ በጉን በማዳበሪያ ከረጢት እናንጠለጥላለን። ቄሱ ያቅፋሉ፣ እኔ ቁጥሩን አነባለሁ፣ በጉ ሁለታችንንም ይረግጠናል።

የተቀለቡት አማካይ ክብደት በለጠ። ኮምፒውተሩም ልዩነቱ እንዲያው ያጋጠመ እንዳልሆነ መሰከረልኝ። በደስታ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቼ ጎንደር ላሉት አማካሪዬ ደወልኩ።

«አማካዩን ተይውና እያንዳንዱ ስንት መዘነ?» አሉኝ።

አነበብኩላቸው።

«ቫሪያንሳቸው፣ የክብደታቸው መበታተን፣ እኩል ነው ብለሽ ነው የፈተንሽው?»

«አዎ፤ ሁሌ እንደዚያ አይደል የሚሠራው?»

«ያልተቀለቡት እኮ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። የተቀለቡት ግን አንዱ ደጋው ደባርቅ ላይ ቆሞ ሌሎቹ ቆላው አዲ አርቃይ ወርደዋል! ጥቂቶቹ እንዲህ ተበታትነው ብዙዎቹ ሲቀራረቡ ያ ፈተና ያታልላል። ቫሪያንስ እኩል ላልሆነ የሚሠራው አለልሽ፤ በሱ ድገሚው።»

ደገምኩት። ግኝቴ እንደ ማለዳ ጉም በነነ። አልቅሼ ስጨርስ፣ ምን እንደበታተናቸው ለማየት በመቅለቢያው ሰዓት ወደ ጉረኖው ሄድኩ።

ፉርሽካው ገንዳው ውስጥ እንደፈሰሰ አንድ ቀንዳም አውራ በግ መጣና ሁለት የፊት እግሮቹን ገንዳው ውስጥ ተከለ። ቀረብ ያለውን ሁሉ በቀንዱ መለሰ። ሌሎቹ ራቅ ብለው ቆመው እንደ ቅዳሴ ይከታተሉታል።

«አባ! ምግቡ እኮ ለሁሉም ነው የተሰጠው!»

«ተሰጥቷል እንጂ ልጄ፤ ሁሉም አይተውታል።»

«ብቻውን ሲበላ ሌሎቹ ዝም ብለው ያዩታል?»

«አለቃቸው አይደለም እንዴ! አለቃ ሳይጠግብ ማን እጁን ይሰዳል?»

እንደገና ጀመርን። ለየበጉ የራሱን መመገቢያ ሰጠን፤ አለቃውንም ራቅ አድርገን አሰርነው። ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ሰማ። ቄሱ ሦስት ጊዜ ሊፈቱት ሲሉ ለመንኳቸው።

በሁለተኛው ሚዛን የተቀለቡት ብልጫ ከፊተኛው ያነሰ ነበር፤ ግን ሁሉም እኩል በሚባል ደረጃ ጨምረው ነበርና በትክክለኛው ፈተናም ቆመ። አማካሪዬ «አሁን ጻፊው» አሉኝ። እየሮጥኩ ለቄሱ ነገርኳቸው።

በጎቻቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዱሮ ለእንግዳ የማሳየው አንድ በግ ነበረኝ» አሉ። «ይኸው አሁን ሁሉም ደህና ናቸው።»