ካፒቴኑን የገደልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ልናገር እነሳና መንገድ ላይ ያሳፍረኛል። ሰው ሰረቅሁ ይላል፣ አመነዘርኩ ይላል፤ ስለ ቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ዋሸሁ ብሎ የሚናዘዝ ማን አለ? እኔ አለሁ። ለማታውቁኝ ለእናንተ ልንገራችሁ። መሳቁን ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ናስርና እኔ አሶሳ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንኖር ደባሎች ነበርን። እኔ ከወሎ የመጡ የሰፋሪዎች ልጅ ነኝ፤ እሱ የመንጌ ልጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው። ቴሌቪዥኑ የእሱ ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ በአንድ የዓረብ ጣቢያ፣ ጠፈር ላይ ስለምትንከራተት መርከብ የሚያወራ የፈረንጅ ፊልም ይመጣል። ሰዎቹ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ከሥር የሚጻፈው ዓረብኛ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት እንግሊዝኛ ከአፋቸው እቃርማለሁ፤ ናስር ቁርአን ቤት በለመደው ዓረብኛ ከሥር ያነባል። የሁለታችንን ስንገጣጥመው አንድ ታሪክ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የቀረውን በጨለማ እየተከራከርን እንጨርሰዋለን። ለጎረቤት ግን ተርጓሚው እኔ ነኝ እል ነበር። ናስርም ያምነኝ ነበር።

ከዚያ ናስር ማንኩሽ፣ ግድቡ ጋ፣ ፌራዮ ሆኖ ተቀጠረ። ብረት ሊያስር ሲሄድ ቴሌቪዥኑን ለእኔ ትቶ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ።

«አንተ እየው። እኔ ስመጣ ንገረኝ።»

አየሁለት? አላየሁለትም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ተቀመጥኩ፤ ግማሹ አልገባኝም። ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ዝም ብሎኝ ያልፋል። ያኔ ነው የገባኝ፤ ተርጓሚ ነኝ ብዬ የተኮፈስኩት በእሱ ዓረብኛ ነበር። ይህን ለእሱ መናገር ከበደኝ። ሪሞቱን አንስቼ ወደ ኳስ ቀየርኩ። ለዓመታት «ኳስ ስለምወድ ነው» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ኮርቼ ነው።

ናስር ለዕረፍት ሲመጣ የመንገዱን አቧራ ሳያራግፍ «እሺ፣ መርከቧስ?» ይለኛል። እኔም እፈጥራለሁ። መርከቧን የሸርቆሌ መንገድ ላይ እንደቆመ አይሱዙ ጭቃ አስያዝኳት። ሲታክተኝ የመርከቧን ካፒቴን ገደልኩት፤ እሱ ከሞተ የምፈጥረው ይቀንስልኛል ብዬ። ወርቅ ያለበት ወንዝ ዳር አወረድኩት፣ ጉድጓድ አስቆፈርኩት፣ አፈሩን ናድኩበት። ወንዙን ከየት አመጣሁት? ናስር ስለ እናቱ ካጫወተኝ ነው። መንጌ ወንዝ ዳር ወርቅ እያጠበች ነው ያሳደገችው። የልጅነቱን ወንዝ ሰርቄ መልሼ ለእሱ አወራሁለት።

ናስር «ማን አወጣው?» አለኝ።

«ጓደኞቹ» አልኩት።

«ደግ ሰዎች ናቸው» አለ።

በሚቀጥለው ዕረፍት ሲመጣ ልክ አልነበረም። የሠራተኞቹ ካንቲን ዲሽ አስገብቶ ነበርና አንዱ ጓደኛው «ካፒቴኑ አልሞተም፣ በዓይኔ አየሁት» ብሎታል። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። እዚህ ላይ «ፈጥሬው ነው» ብዬ ብነግረው አንድ ሰሞን ስቆብኝ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ማልኩ። «እናቴ ትሙት፣ ሞቷል» አልኩት። እናቴ ያን ቀን ከመንደር መጥታ ደጅ ማሽላ እየለቀመች ነበር፤ ሰምታኛለች። ለአንድ የፊልም ሰው ብዬ በእናቴ ማልኩ። አውቄ ማልኩ።

ናስር መሐላዬን ይዞ ማንኩሽ ተመለሰ። ቀጥሎ ሲመጣ የፊት ጥርሱ የለም። «ከመኪና ወደቅሁ» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሾፌር መናኸሪያ ውስጥ እየሳቀ ነገረኝ፤ ማንኩሽ ላይ አንድ ፌራዮ በፊልም ተደባደበ አለ። ውሸታም ሲሉት «የነገረኝ ሰው በእናቱ ምሏል፣ እሱ አይዋሽም» ብሎ ካንቲኑን ሙሉ ተጋፈጠ። ከዚያ ወዲህ ያ ፊልም ሲጀምር ተነስቶ ይወጣል አለኝ። ናስር የእኔን ስም ለማንም አልጠራም። እኔንም አልጠየቀኝም። እኔስ? ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ከመሐላዬ ያንሳል? አይመስለኝም።

ናስር ከዚያ በኋላ አግብቶ የወለዳት፣ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል የገባችው ልጁ ሐዋ ያንን ፊልም ከመጀመሪያው ክፍል ጀምራ በፍላሽ አመጣችው። እስከ ዛሬ እየተሠራ ነው አለችን። እሑድ ከሰዓት እነ ናስር ቤት ተሰብስበን የድሮዎቹን ክፍሎች እናያለን። ያስቃሉ፤ ካፒቴኑ ሲደገፈው የመርከቧ ግድግዳ ይነቃነቃል። ከሥር አሁን ዓረብኛ የለም፤ እኔ ግን በየንግግሩ መሃል የናስርን የወጣትነት ድምፅ እሰማለሁ። እዚህ ጋ እንዲህ ብሎኝ ነበር፣ እዚህ ጋ ተኳርፈን ነበር። እንዴት ያለ ጓደኛ ተሰጥቶኝ ኖሯል? እያየሁ በልቤ ተመስገን እላለሁ።

ሐዋ ግን የምትጠብቀው የወርቁን ወንዝ ነው። አባቷ ያን ታሪክ እያወራላት ነው ያሳደጋት። ባለፈው እሑድ፣ ናስር ማንኩሽ ከመሄዱ በፊት አብረን ያየነው የመጨረሻው ክፍል አለቀ።

«አባ፣ ወርቁ ቀጥሎ ነው የሚመጣው?» አለችው።

ናስር በጎደለው ጥርሱ ፈገግ ብሎ፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው «ሐዋ፣ ታገስ፣ ይመጣል» አላት። ሊሸፍነኝ ነው። በእኔ የተነሳ ለሁለተኛ ጊዜ ውሸታም ሊባል ነው፤ አሁን ደግሞ በገዛ ልጁ።

«አይመጣም» አልኳት። «አባትሽ አልዋሸም። እኔ ሳላይ አየሁ ብዬ የፈጠርኩት ነው።»

«ጋሼ፣ ለምን?» አለችኝ።

ናስር እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ። «እኔ ድሮ ገባኝ» አለ። «ጥርስ ከወደቀ ጊዜ። ያ ወንዝ የኛ ነው፤ እናቴ እዚያ አለ። ለዚያ ነው ለልጅ የነገርኩ።» ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። «ቀጣዩን አንተ አላየህም። እኔም አላየሁም። አብረን እናያለን።»

አንድ ነገር ግን አሁንም አያውቅም። ከመኪና ወደቅሁ ሲለኝ ያመንኩት ይመስለዋል። ስለ ጥርሱ እያወቅሁ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው መሳቄን አልነገርኩትም። ለሰው ያልወጣው ይህ ነው። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ሊከፋው ፈርቼ ነው አልልም፤ የፈራሁት ለራሴ ነው።

የፊታችን እሑድ፣ ሐዋ ፍላሹን ሳትሰካ፣ እነግረዋለሁ። ይቅር ካለኝ አጠገቡ እቀመጣለሁ። መሃል ላይ መብራት ከጠፋም የቀረውን ከራሴ አልጨምርለትም፤ እስኪመጣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።