ከእግር የታሰረ ውሃ

ኮምቦልቻ ውስጥ ያጎሩን መጋዘን ዱሮ የእህል ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የነቀዘ በቆሎ፣ ላብ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ክዳን የሌለው የሽንት ባልዲ። ደሴ ሆስፒታል የአጥንት ክፍል ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን መግልና ደም ስጠርግ ኖሬ አፍንጫዬን ይዤ አላውቅም ነበር፤ የዚያን ቀን ያዝኩት። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቄ ነው። መልሱ ይኸው መጋዘኑ ሆነ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ላይ፣ የጭነት መኪና መጥቶ ሰዎች አራገፈ። "አራገፈ" ያልኩት ቃል ጠፍቶኝ አይደለም። ከሐርቡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቶሎ አልወረዱም ተብሎ ከላይ ተገፈተሩ። ብብታቸውን ይዘው እየጎተቱ አስገቧቸውና አጠገቤ ጣሏቸው። ግራ እግራቸው ወደ ውጭ ዞሯል፣ ከቀኙም አጥሯል። የጭናቸው አጥንት ተሰብሯል፤ ደግነቱ ቆዳው አልተቀደደም።

"ልጄ፣ ሐኪም ነው አሉኝ አንተን። ይቆረጣል?"

"አይቆረጥም አባባ። ግን እንዲሁ ከተተወ አጥሮ ይቀራል።"

"ያረቢ! በሬ ጠምጄ እኮ ነው የማድረው።"

የጠባቂዎቹ አለቃ አፍንጫውን በነጭ መሐረብ ሸፍኖ በሩ ላይ ቆሟል። ሆስፒታሉ ደሴ መሆኑን፣ መንገዱም ሩቅ እንዳልሆነ ነገርኩት። "አንተ ነርስ አይደለህ? ሥራህን ሥራ" አለና ሳቀ። ግማቱን ያመጣው እሱ፣ አፍንጫውን የሚይዘውም እሱ! እንዲህ ያለ ሰው ይቀፈኛል።

ሠራሁ። ጆንያ ይደረደርባቸው የነበሩትን የእንጨት ርብራቦች ደራርበን፣ በእግራቸው በኩል ከፍ አድርገን ዝቅ ያለ አልጋ አበጀን። በተረፈን ጣውላ ጭናቸውን ግራና ቀኝ ደገፍኩት። አንድ የደሴ ነጋዴ ከሱሪው በላይ ያገለደመውን ሽርጥ ፈትቶ ሰጠኝ፤ ቀዳደድኩት። ቁርጭምጭሚታቸውን በለስላሳ ጨርቅ ከልዬ፣ አንዱን ቁራጭ ቅልጥማቸው ላይ ግራና ቀኝ አስተኝቼ፣ ሌላውን እንደ ፋሻ ጠመጠምኩበት፤ ሳላላላው፣ ደም እንዳይከለክልም ሳላጠብቀው። ከውስጥ እግራቸው ሥር የጆንያ ገመድ አስሬ በአልጋው ጫፍ ላይ ወደ ታች ለቀቅሁት። የቀረኝ እግሩን ቀስ አድርጎ የሚጎትት ክብደት ብቻ ነበር።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ድንጋይ የለም። የሞላ ነገር ቢኖር ባልዲው ነው። ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ባልዲውን ከነሽንቱ ላንጠልጥለው?

"ነጃሳ እግሬ ላይ አስሬ እንዴት ብዬ ልስገድ? ወላሂ፣ እግሬ አጥሮ ይቅር!" አሉ።

ውሃ ጠዋት ጠዋት በኩባያ ይታደለናል። ሙስሊሞቹ ከሚጠጡት ላይ እየቀነሱ ለውዱ፣ ከስግደት በፊት ለሚታጠቡት፣ በአንድ ትንሽ ጀሪካን ያጠራቅሙ ነበር። ነጋዴው ያንን ጀሪካን አንስቶ መጣ።

"ይኸው ንጹሕ ውሃ፣ አባባ። እኛ ከግድግዳው አቧራ ተየሙም እናደርጋለን።"

"የሁላችሁን ውዱ?"

"አብሽሩ! አላህ ያውቀዋል።"

አንጠለጠልነው። ቀስ በቀስ ፊታቸው ተፈታ። የእግር ጣቶቻቸውን ዳሰስኩ፤ ሙቀት አላቸው፣ ይንቀሳቀሳሉ። "አልሐምዱሊላህ፣ ቀለል አለኝ" አሉ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ እጃቸውን ግድግዳው ላይ እያሳረፉ፣ ፊታቸውንና እጃቸውን በአቧራ እያበሱ ሰገዱ። በኮምቦልቻ ሙቀት ጉሮሯችን ደርቆ፣ ውሃው ዓይናችን ሥር ተንጠልጥሎ ዋለ። ማንም አልነካውም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ውሃው እንደታደለን፣ አለቃው መሐረቡን ይዞ ሊቆጥረን ገባ። ከባልዲው የፈሰሰውን ረገጠ። ጫማውን አየ፣ ዙሪያውን አየ፣ ጀሪካኑን አየ።

"ተው! የእግራቸው ክብደት ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ክዳኑን ከፍቶ ጀሪካኑን አዘነበለና ጫማውን አጠበበት። ገመዱ ሲወዛወዝ ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው አቃሰቱ። ሰውየው የጫማውን አፍንጫ በመሐረቡ ወለወለ፤ ከዚያ በልማድ መሐረቡን መልሶ የራሱ አፍንጫ ላይ አደረገው።

ነጋዴው የዕለት ድርሻውን፣ ገና ያልጠጣውን ኩባያ ይዞ ተነሣ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ገለበጠው። ቀጥሎ ያለው ተነሣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየተራ ገለበጠ፣ እኔም ገለበጥኩ። አለቃው ጀሪካኑ እስኪሞላ ቆሞ አየንና ወጣ። ከብዙ ልመና በኋላ ሽማግሌውን ደሴ እስኪወስዷቸው ድረስ ውሃው አልጎደለም።

አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ክፍላችን ውስጥ የተሰበረ እግር ለመጎተት የአሸዋ ከረጢት አለን። በቅርቡ ሽማግሌው ሊጠይቁኝ መጡ። በኮሪደሩ ሲመጡ ከሰላምታው በፊት ያየሁት እግራቸውን ነው፤ እኩል ነው።

"ልጄ፣ እግሬስ ዳነ። ግን ክፉ ልማድ ያዘኝ" አሉኝ ከተቀመጥን በኋላ። "ያኔ ተጋድሜ የዚያ ሰውዬ ጫማ በውሃችን ሲታጠብ ስላየሁ ይሆን፣ ሰው ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነው።"

"እኔም" አልኳቸው።

ሁለታችንም ሳናስበው ወደ ታች አየን። የእሳቸው ኮንጎ ጫማ ላይ የእርሻ ጭቃ ደርቆበታል።