የእመቤት ሒሳብ

ፋሲካ ከኩዌት የላከችው የድምፅ መልእክት ሲደርሳት ውቢት በሆቴሉ ጓሮ አንሶላ እያሰጣች ነበር። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ውቢትዬ፣ ያልሽኝ ቦታ ሄጄ ነበር። ባንኩ የለም። ሕንፃው አለ፣ ግን ሽቶ መሸጫ ሆኗል። ዘበኛውን ብጠይቀው ሌላ ባንክ ጠቅልሎታል አለኝ። አይዞሽ፣ እኔ አልተወውም።»

ውቢት መልእክቱን ደግማ ሰማችው። የደብረ ታቦር ጭጋግ ከጠዋት ጀምሮ አልተገለጠም፤ ገመዱ ላይ የሰቀለችው አንሶላ በዚያን ቀን የሚደርቅ አይመስልም። ባንክ የሚያህል ነገር ይጠፋል ብላ አስባ አታውቅም። እሷ የፈራችው ሌላውን ነገር ነበር።

ሌላው ነገር ስሟ ነው። ውቢት ከሐሙሲት ወጣ ብሎ ካለ መንደር የገበሬው የይሻውና የወይዘሮ አበበች ልጅ ናት። ታላቋ እመቤት ትባል ነበር፤ ዐረብ አገር ልትሄድ የተዘጋጀችውም እመቤት እንጂ እሷ አልነበረችም። ፓስፖርቱ ወጥቶ፣ አባትየው በሬውን ሸጦ ለደላላው ከፍሎ፣ ቪዛ በመጠበቅ ላይ ሳሉ መስከረም ላይ እመቤትን ወባ ያዛት። ሳምንት አልቆየችም። ሐዘንተኛው ከድንኳኑ ሳይወጣ ደላላው መጣ። ከሰው ጋር ተቀምጦ አለቀሰ፤ ከዚያም አባትየውን ወደ ጓሮ ወሰደው።

«ቪዛው ወጥቷል፣ ጋሽ ይሻው። የከፈሉትም ከእጄ ወጥቷል፣ አይመለስም። ታናሿ ቁርጥ እሷን አይደለች እንዴ?»

ውቢት ያኔ ገና ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በእህቷ ፓስፖርት፣ በእህቷ ስም፣ በእህቷ ዕድሜ ሄደች። በተነሣችበት ጠዋት እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ውቢት ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሳመቻት፤ እናትየው አልዞረችም።

ኩዌት የገባች ሰሞን ማዳም «እመቤት!» እያለች ስትጠራት አትሰማም ነበር። ለእሷ መሆኑ ትዝ አይላትም። ማዳም ደንቆሮ ነው የላኩብኝ ብላ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ መርምሮ ምንም የለባትም ሲል ማዳም ሳቀች፤ ውቢትም አብራት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ለመደችው። ኋላ ኋላማ በራሷ ስም የሚጠራት ቢመጣ መዞሯን እንጃ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደመወዟን በሰው እጅ ለአባቷ ትልክ ነበር። አባቷ በሞተ ማግሥት ግን የሠራተኛ ደመወዝ በባንክ ይግባ የሚል ደንብ መጣ ተባለና የማዳም ባል በመኪና ወስዶ አስፈረማት። ካርዱ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። «ለክፉ ቀን ይሁንሽ» አለቻት ማዳም። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ውቢት ለእናቷ ልላክ ስትል ሁሌም አውጥታ ትሰጣታለች። የቀረው እዚያው ይጠራቀም ነበር። ክፉው ቀን የመጣው ራሷ ማዳም የሞተች ጊዜ ነው። ልጆቿ ቤቱን ለመሸጥ ቸኩለው ነበርና ውቢትን ፖሊስ ጣቢያ አድርሰው «ወደ አገሯ ትሂድ» ብለው ተመለሱ። ስለ ካርዱ ብትጠይቅ የሰማት የለም። ፓስፖርቱም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ከሌሎች ብዙ ሴቶች ጋር በአንድ ወረቀት መሸኛ ቦሌ ወረደች።

እንዲህ ሆና ነው ደብረ ታቦር የገባችው። ሚሚ ከምትባል የሆቴሉ ሠራተኛ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ በሆቴል አንሶላ ማጠብ ጀመረች። ሰው ስለ ዐረብ አገር ሲጠይቃት አሳጥራ ትመልሳለች። ያንን ሒሳብ ግን አልረሳችውም። ተቀጥሮ ከመኖር የምትላቀቅበት፣ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር አንዲት የልብስ መሸጫ የምትከፍትበት እሱ ነው። ስለዚህ ኩዌት ሳለች ከእሷ ጋር በአንድ ሕንፃ ትሠራ የነበረችውን ፋሲካን ለመነቻት።

ፋሲካ ቃሏን ጠበቀች። በዕረፍት ቀኗ ወደ አዲሱ ባንክ ትሄዳለች፣ ወረፋ ትይዛለች፣ «የሒሳብ ቁጥሩን አምጪ» ተብላ ትመለሳለች። ውቢት ቁጥሩን አይታው አታውቅም። ቢታወቅም አይረባም ተባለ፤ ባንኮቹ ሲዋሐዱ የቀድሞው ቁጥር በሙሉ ተቀይሯል። በደብረ ታቦር በኩል ደግሞ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ኮምፒውተር ይዘው ማመልከቻ የሚጽፉት አቶ ዳኛቸው በእንግሊዝኛ ለባንኩ ይጽፉላታል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የተጻፈውን ለእሷ በአማርኛ ሳያነቡላት አይልኩም። መልስ ይዘገያል። ኔትወርክ የሚጠፋበት ሰሞን አለ፤ ያኔ መልስ ይምጣ አይምጣ እንኳ አይታወቅም።

ፋሲካ አንድ ቀን የድሮ መልእክቶቿን ስትበረብር ውቢት ከዓመታት በፊት የላከችላትን የመኖሪያ መታወቂያ ፎቶ አገኘች። በዚያ ቁጥር ሒሳቡ ተገኘ።

አቶ ዳኛቸው መልሱን ሲያነቡ መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ። «አለ። አልተነካም። ባለቤቷ እመቤት ይሻው ናት ይላል።»

ውቢት በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ከመጣች ወዲህ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

«ቀሪውን ልንገርሽ» አሉ ዳኛቸው። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ከውሕደቱ በኋላ ሁሉም ደንበኛ ማንነቱን በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ አዲስ ያረጋግጥ ይላሉ። አለዚያ ሒሳቡ ይታገዳል። አንቺ መሄድ አትችዪም፤ ለፋሲካ ውክልና መስጠት አለብሽ። ውክልና ስትሰጪ መታወቂያሽ እመቤት ማለት አለበት።»

«ፋይዳዬም የቀበሌዬም ውቢት ነው የሚለው።»

«ሌላ ላውጣ ብትዪ አሻራሽ ያጋልጥሻል። አንድ መንገድ አለ። ሁለቱም የእኔ ስሞች ናቸው ብለሽ ፍርድ ቤት ማመልከት። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ትምህርት ቤት በአንድ ስም፣ ቤት በሌላ ስም የተጠራ ሞልቷል። ምስክር ያስፈልጋል። ዋናዋ እናትሽ ናቸው።»

ውቢት በማግሥቱ በወረታ በኩል አድርጋ ሐሙሲት ወረደች። እናቷን ያገኘቻት ክረምት ሳይገባ የቤቱን ግድግዳ በጭቃ ስትመርግ ነው። ውቢትም ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን እየረገጠች ታቀብላት ጀመር። ነገሩን የተናገረችው ሁለቱም ሥራ ላይ እንዳሉ ነው።

«ዳኛ ፊት ቀርበሽ፣ ውቢትም እመቤትም የምትባለው ይቺው ልጄ ናት ማለት ነው፣ እምዬ። ሌላ ነገር የለውም።»

አበበች እጇን ከግድግዳው አላነሣችም። «ሌላ ልጅ የለኝም ልበል?»

«እንደዚያ አትይም። ስሟ ሁለት ነው፣ በቃ። ጋሽ ሙላቴም እመሰክራለሁ ብሎኛል።»

«ሙላቴ ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ ነው።»

ውቢት ጭቃ ዘግና አቀበለች። እናትየው ግድግዳውን እስከ ጥጉ መርጋ ጨረሰች። ሲያልቅ እጇን እየታጠበች፣ «ቀኑን ንገሪኝ። እመጣለሁ» አለች።

በቀጠሮው ቀን አበበች ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ጎረቤታቸው ሙላቴ ቀድሞ ቀርቦ መሰከረ፤ ልጅቱን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ፣ በሁለቱም ስም እንጠራታለን አለ። ሲናገር ወለሉን እንጂ ሰው አላየም። ቀጥሎ አበበች ተጠራች። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። አበበችን እጇን አስዘርግታ እውነት እንድትናገር አስማለቻት፤ ከዚያም ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀች።

«እማማ፣ አመልካቿን ያውቋታል?»

«ልጄ ናት። ውቢት ናት።»

«እመቤት በሚባል ስምስ ትጠራለች?»

 ውቢት ከኋላ ሆና የእናቷን ነጠላ ጥለት ብቻ ታያለች።

«ሰው ይጠራት ነበር» አለች አበበች በመጨረሻ። «ባሕር ማዶ።»

ዳኛዋ ጻፈች።  ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ዳኛዋ ሁሉንም የምትጠይቀው፣ ነገር ፍለጋ የሌለበት ጥያቄ ነው። «በዚህ ስም የምትጠራ ሌላ ልጅ አለችዎት፣ ወይም ነበረችዎት?»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አበበች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች፤ መልሳ ለቀቀችው።

«ነበረችኝ» አለች። «እመቤት የበኩር ልጄ ናት። ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። በመስከረም ሞተችብኝ፤ ከአባቷ ጎን አለች። ይቺኛዋ ደግሞ ውቢት ናት። ሁለት ነው የወለድኩት፣ ልጄ። ሁለት።»

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ሙላቴን ቀና ብላ አየችው፤ ሰውየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ነበር። ሐሰት መመስከር ምን እንደሚያስከትል አስታውሳ በተግሣጽ አለፈችው። የውቢት ማመልከቻ ውድቅ ሆኖ መዝገቡ ተዘጋ።

ውጭ በሩ ላይ ውቢት እናቷን እስክትወጣ ጠበቀቻት። መጮህ አላሰበችም፣ ግን ጮኸች። ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች ዞረው አዩ።

«ለሞተችው ስትዪ እኔን ገደልሽኝ! እኔ እኮ ነኝ ያለሁት! እዚያ የታጠፈው የእኔ ወገብ ነው፣ የእሷ አይደለም!»

«አዎ» አለች አበበች። «ያለሽው አንቺ ነሽ።»  ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ሄደች። ውቢት አልተከተለቻትም።

አቶ ዳኛቸው ሌላ መንገድ አላጡም፤ ይግባኝ አሉ፣ ኤምባሲ አሉ። ደብዳቤም ጻፉ። የወጣውን እውነት ግን ማንም መልሶ ሊያስገባው አይችልም፤ እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ከእሷ የጽሕፈት ዋጋ መቀበል አቆሙ። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ውቢት ለዘመን መለወጫም አገር ቤት አልወረደችም። ፋሲካ የመጨረሻውን መልእክት የላከችው የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው፦ ሒሳቡ ታግዷል፣ ከእንግዲህ የባለቤቷን ማንነት የሚያረጋግጥ የዚያው አገር ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ፋሲካ እያለቀሰች ስለነበር መጨረሻው በደንብ አይሰማም። ውቢት «ተይው እህቴ፣ በቃ» ብላ መለሰች።

በዚያው ሰሞን ሙላቴ ደወለ። አበበች ብቻዋን ጤፍ እያጨደች ነው፣ በወንፈል አብሯት የሚያጭድ ጠፍቷል፣ የዘንድሮው ዝናብም ጊዜውን ስቶ ሰብሉን ሊያበላሸው ነው አላት። ውቢት ፈቃድ ጠይቃ ወረደች። እናቷ ስታያት ማጭድ አቀበለቻት፤ ሰላምታቸው ያ ነበር። ሁለቱም አጎንብሰው እስከ ቀትር አጨዱ። ጥላ ስር አረፍ ሲሉ አበበች ጠላ ቀድታ ሰጠቻት፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች።

«ከዐረብ አገር ስትደውዪ ስልኩ ያለው እነ ሙላቴ ቤት ነበር። ልጁ ከአጥር ማዶ ‹እመቤት ደወለች!› ብሎ ይጠራኛል። ደላላው እንደዚያ በሉ ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። እኔ እሮጣለሁ። ምን እንደሚያስሮጠኝ አላውቅም፤ የቀበርኳት እኔ ነኝ፣ ግን እሮጣለሁ። ስልኩን ሳነሣ ያንቺ ድምፅ ነው። ያንቺን ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ እሷ ደግሞ እንደገና ትሞታለች። በደወልሽ ቁጥር። እንዲህ ሆኜ ኖርኩ። ዳኛዋ ስትጠይቀኝ ልዋሽ ነበር የመጣሁት፣ በመድኃኔ ዓለም። አፌ እንቢ አለኝ።»

ውቢት ጣሳውን መሬት ላይ አኖረችው። ይቅርታ ማለትም፣ ይቅር ብዬሻለሁ ማለትም ፈልጋ ነበር፤ የትኛው መቅደም እንዳለበት ግን አላወቀችም። ከእናቷ ቀሚስ ላይ የጤፍ ጭድ አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። አበበችም ቀሚሷን ዘርግታ አመቻቸችላት። ደመናው ከጣና በኩል እየጠቆረ ሲመጣ ሁለቱም ተነሥተው ወደ ማሳው ተመለሱ።

መመለሻዋ በደረሰ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና ካሰበችው በላይ ቆየች። ክምሩን አስተካክለው ሸፈኑት። ወሬያቸው ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናቡ ነበር፤ ስለ ባንኩ አንዳቸውም አላነሡም። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈረች። ሆቴሉ ስትደርስ ኃላፊው የቀረችባቸውን ቀናት ከደመወዟ እንደሚቆርጥ ነገራት። ውቢት አልተከራከረችም። ሻንጣዋን ከበሩ ኋላ አስቀምጣ የተጠራቀመውን አንሶላ ይዛ ወደ ማጠቢያው ወረደች።