ቀዩ የሽንኩርት ቀሚስ

ዛሬ ጠዋት የአማርኛ መምህራችን ክፍል ገብቶ፣ በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ወልድያ በሚከፈተው የተማሪዎች ዐውደ ርእይ ላይ እንዲሰቀል መመረጡን ነገረን። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ግን ፎቶው ባለፈው ጥቅምት ያመጣብንን ነገር ሳልጽፍ ብቀር ደስታዬ ውሸት ይሆንብኛል።

ፎቶው ላይ ያለችው አክስቴ ዝናሽ ናት። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ ቆቦ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ባሏ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሞተ ያለም፣ አየሁት ያለም የለም። መርዶ ስላልመጣ ከል አትለብስም፤ ባሏ ስለሌለ ደግሞ አታጌጥም። ያችኑ ግራጫ ቀሚሷን አጥባ መልሳ ትለብሳለች።

ማሽላችን ውስጥ ወፍ ስንጠብቅ ፎቶ ላነሳት ፈለግሁና፣ "እታለም፣ የፈለግሽውን መልበስ ብትችዪ ምን ትለብሺ ነበር?" አልኳት።

"ረጅም መሆን ነው የምፈልገው" አለች ሳታስብ። "ወንዱ ሁሉ አንጋጦ እንዲያየኝ። አልፎኝ ሄዶ ደግሞ ዞር ብሎ እንዲያየኝ።" ከዚያ አፈረች። "አሁን አንቺ ፊት ይህን ምን ያናግረኛል?"

በማግስቱ ሽንኩርት የሚታሸግበትን ቀይ መረብ ጆንያ ቀጣጥላ ሰፍታ መጣች። ወፍ የምንጠብቅበት ማማ ላይ ወጥታ ስትለብሰው ቀሚሱ እስከ መሬት ወረደ፤ የማማው እንጨቶች የራሷ እግሮች መሰሉ። ትንንሽ ሽንኩርት ጆሮዋ ላይ አንጠለጠለች፣ የማሽላ ራስ እንደ ዘውድ ደፋች፣ ወንጭፏን አነሳች።

"እዪ፣ ወፎቹ ሚዜ ሊሆኑኝ መጡ" ብላ ስትስቅ አነሳኋት። እንዲያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላስፈቅዳት ፎቶውን ለክፍል ጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁት። ከስልክ ስልክ ዞሮ በሦስተኛው ቀን ሮቢት ካሉት አማቷ፣ ከእማማ ትርንጎ ደረሰ።

እማማ ትርንጎ አልተቆጡም። "እንደ ሙሽራ የለበሰችው የልጄን መርዶ ብትሰማ ነው። እኔን ብቻ ደበቁኝ" ብለው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ጎረቤት ተሰበሰበ።

ወሬው ደርሶን እኔና አክስቴ በሚኒባስ ሮቢት ስንደርስ ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል። አንዲት ሴት ጥቁር ነጠላ ዘርግታ ወደ አክስቴ መጣች።

"መቼ ነው የሰማሽው ልጄ?" አሏት እማማ ትርንጎ።

"አልሰማሁም እማማ።"

"ታዲያ ለማን ብለሽ ለበስሽው?"

"ለራሴ።"

ለቅሶው ቀጥ አለ። እማማ ትርንጎ ፊታቸውን ጠርገው እጇን ያዙ። "እንግዲያው ልጄ አለ። እሱ እስኪመጣ ከእኔው ጋ ትቀመጫለሽ።" ሴቶቹ እልል አሉ። በዚያ ሁሉ እልልታ መሀል እምቢ የሚል ሰው አላውቅም። እሷም አላለችም።

ልትሸኘኝ አስፋልቱ ዳር ስንቆም፣ "ነጠላውን ስትዘረጋልኝ እጄ ሊቀበል ሄዶ ነበር" አለችኝ። "አልቅሼ፣ ከሉን ለብሼ፣ ጊዜው ሲደርስ አውልቄው ያልቅ ነበር።" ሚኒባሱ መጣና ገባሁ።

እስከ ዛሬ እዚያው ናት። የስፌት መኪናዋ እኛ ቤት ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። መመረጤን ደውዬ ስነግራት፣ "ስቀይው" አለችኝ። "ያልኩሽንም ጻፊው፣ እማማ እንደሆን ማንበብ አይችሉም። ስማችንን ብቻ ቀይሪው።" አንቺስ ትመጫለሽ ስላት፣ "ምን ብዬ እወጣለሁ?" አለች።

ደስ ብሎኛል፤ በመደሰቴም አፍራለሁ። ፎቶ የሄደን ሰው አይመልስም፣ መርዶም አያመጣም፣ አክስቴንም ከሮቢት አላወጣትም። እንዲያም ሆኖ እንደሷ የምትጠብቁ እህቶች ቆቦ ብትመጡ አነሳችኋለሁ። ምን መልበስ እንደምትፈልጉ አስባችሁ ኑ። ካልፈቀዳችሁልኝ ለማንም አላሳይም።