ኑርሁሴንን በነፍስ ማድረስ

ቶይባ አምስተኛ ክፍል ሳለች እናቷ አልጋ ያዙ። ደብተሯን አስቀምጣ ማስታመም ጀመረች። እናቷን ቀበረች፤ ቀጥሎ አክስቷን፣ ከዚያም ባሏን። እህት ወንድሞቿ በየአገሩ ሲበተኑ እሷ እዚያው መንደራቸው ግራና ቀረች። ሰው ሲታመም «ቶይባን ጥሩ» ይባላል እንጂ «ቶይባ ደከማት ወይ?» ያለ የለም።

አሁን ተራው የአባቷ የኑርሁሴን ሆነ። ከወልድያ ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ ተልከው ሁለት ወር ያህል ተኝተው ከረሙ። በመጨረሻ ሐኪሙ «ልባቸው ደክሟል፤ ቤታቸው ውሰጃቸው» አላት። ሽማግሌው የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ኡበይደላ ዘንድ በነፍሴ አድርሺኝ። አፉ ሳይለኝ አልሙት።»

ኡበይደላ የማሳ ጎረቤታቸው ናቸው። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ኑርሁሴን የእሳቸውን የመስኖ ተራ ጠልፈው ውሃውን ወደ ራሳቸው ማሳ መለሱት፤ የኡበይደላ ሽንኩርት ቆሞ ደረቀ። ሽማግሌ ቢላክ፣ ሼህ ቢላክ፣ አፉ አልልም፣ ይቅር አልልም አሉ።

የመኪናውን መንገድ እንደማይችሉት ሲታወቅ፣ ጅዳ ያለው ወንድሟ ሙባረክ የአውሮፕላኑን ነገር ጨረሰ። ቶይባ ከመሳፈሯ በፊት ለአጎቷ ልጅ ለዓሪፍ ደወለች። «አባ በጣም ደክመዋል፤ በአውሮፕላን ይዘናቸው እየመጣን ነው። ቤቱን አሰናዱ።»

ሔዋን የምትባል ነርስ ኦክስጅን ይዛ አብራቸው ነበረች። ሔዋን ጣታቸው ላይ የተሰካውን መለኪያ ታያለች፤ ቶይባ ደረታቸውን ታያለች።

«ትንሽ አረፍ በይ እንጂ፤ እኔ አለሁ አይደል?»

«ማረፍ መች ተማርኩ፤ የሚያስተምሩት ከአምስተኛ ክፍል በላይ ሳይሆን አይቀርም።»

ኮምቦልቻ ሲያርፉ አምቡላንስ ተቀበላቸው። ደሴን፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን አልፈው መርሳ ሲደርሱ የአባቷ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ግራና ሲገቡ ግን ደጃቸው ላይ የቀብር ዕድሩ፣ የቅሬው ድንኳን ተተክሎ አየች። አምቡላንሱ ሲቆም ለቅሶው ቀለጠ።

በአገሩ መርዶ በስልክ አይነገርም። አስከሬን ተጭኖ እንኳ «ደክሟል፣ ይዘነው እየመጣን ነው» ነው የሚባለው። ዓሪፍም ብልህ ነኝ ባይ ነውና የሰማውን እንደ መርዶ ወስዶ ለቅሬው አሳውቋል።

የአምቡላንሱ በር ሲከፈት ኑርሁሴን ዓይናቸውን ገለጡ። «ማን ሞቶ ነው?» አሉ በሰለለ ድምፅ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጎረቤታቸው እታፈራሁ እንባቸውን ሳይጠርጉ፣ «አንቱ ነዎታ! ቀብርዎ እኮ ተቆፍሮ አልቋል!» አሉ።

ኡበይደላ ከመቃብሩ እየመጡ ነበር፤ ጉልበታቸው አፈር ለብሷል። ዓሪፍ ለቶይባ ሹክ አላት፦ «ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው፣ በሰው ፊት አፉ ብለውላቸዋል።»

ኡበይደላ ሕያውን ሰውዬ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ ያልኩት ለሬሳ ነው! ለቁም ሰው አላልኩም!»

«እንግዲያ ጠብቀኝ» አሉ ኑርሁሴን። «ብዙ አላቆይህም።»

ሰው ሳቀ። ኡበይደላ ግን አልሳቁም፤ ዞረው ሊሄዱ ሲሉ ቶይባ ፊታቸው ቆመች።

«አያ ኡበይደላ፣ ያን ሁሉ መንገድ ትንፋሻቸውን እየጠበቅኩ አመጣኋቸው። ዳግመኛ አላመጣቸውም፤ አቅሙም የለኝ። የሚሉ ከሆነ አሁን ይበሉ። የማይሉ ከሆነም ይንገሩኝና አባቴን አስገብቼ ላስተኛ።»

ኡበይደላ ብዙ አይዋት። «አንቺ ልጅ፣ አለቅሽ እኮ» አሉ። ከዚያ በቆሙት ወንዶች ላይ ጮኹ፦ «አንሱ እንጂ! ምን ይገትራችኋል?»

ቃሬዛውን በራስጌ በኩል ራሳቸው ያዙ። ደጁን ሲያልፉ ጎንበስ ብለው፣ «አፉ ብዬሃለሁ፤ ለአላህ ስል» አሉ። ቃሬዛውን አስገብተው ሲያሳርፉ ደግሞ፣ «ሽንኩርቱ ግን ጥሩ ሽንኩርት ነበር።»

«ነበር» አሉ ኑርሁሴን። «አይቼዋለሁ።»

ሔዋን መድኃኒቱን አስረክባ ተሰናበተች። ቶይባ አልጋው ግርጌ ተቀምጣ ለለቅሶ ከመጣው እንጀራ ቆረሰች። ውጭ ቅሬዎቹ ድንኳኑን እንንቀል አንንቀል ይከራከራሉ። «ግድ የለም፣ ይቆይ» የሚለው ድምፅ በዛ። እሷም ተነሥታ አልተቃወመችም።